ቡድን ሳይኖረኝ ኳስ ሜዳ ዋልኩ፦ ደቡብ ለንደን፣ ሰባተኛው ሊግ

ደቡብ_ለንደን፦
ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ስለ አርሰናልና ስለ ማንቼ ጭቅጭቅ ማንበብ ሰልችቶኛል፤ ዛሬ ሌላ ወሬ ይዤ መጥቻለሁ። ያለፈው ቅዳሜ ደልዊች ሃምሌት የሚባል ቡድን ሜዳ ሄጄ ነበር። የሚጫወቱበት ሊግ ኢስሚያን ፕሪሚየር ዲቪዚዮን ይባላል። ስሙ ላይ ፕሪሚየር ስላለ እንዳትሸወዱ፤ ከላይ ወደ ታች ሲቆጠር ሰባተኛ ደረጃ ነው።

የማንም ደጋፊ ሆኜ አልሄድኩም። ሜዳ ውስጥ የማውቀው ልጅ የለም፣ ውርርድም አላስያዝኩም። ቅዳሜ ነው፣ ዝናብ የለም፣ ቤት መዋል አስጠላኝ። በቃ።

መንገዱ ቀላል ነው። ከለንደን ብሪጅ ባቡር ይዛችሁ ኢስት ደልዊች ትወርዳላችሁ። ሜዳው ሻምፒዮን ሂል ይባላል፤ ትልቁ ሴንስበሪስ ሱፐርማርኬት ጎን ነው። ሮዝና ጥቁር ሰማያዊ ስካርፍ ያደረገ ሰው ካያችሁ እሱን መከተል ነው። ትኬቱ ከ20 ፓውንድ በታች ነው። በዚህ ብር የአርሰናል ሜዳ ኤምሬትስ ውስጥ ምን እንደሚገዛ ለናንተ ልተወው።

ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ሕዝቡ ነው። ሁለት ሺህ ገደማ ሰው ይሆናል። ውሻ በገመድ የያዘ አለ፣ ሕፃን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ አለ፣ ከዘራ የያዙ ሼባዎች አሉ፣ ቢራ በፕላስቲክ ኩባያ የያዘው ግን ከሁሉም ይበዛል። ቢራዋ የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ሕግ ከላይ ባሉት አምስት ሊጎች ውስጥ ሜዳው እየታየህ አልኮል እንዳትጠጣ ይከለክላል። ከዚያ በታች ግን ሕጉ አይነካህም። የፕሪሚየር ሊግ ተመልካች ዕረፍት ላይ ኮሪደር ውስጥ ተጋፍቶ ይጨልጣል፣ እዚህ ሰው ኩባያውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ይመለከታል።

ኳሱን ልንገራችሁ። እንግዳው ቡድን ከኬንት የመጣ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ጥለዛ ነበር። በረኛው ይጠልዛል፣ ተከላካዩ በግንባሩ ይመልሳል፣ ያኛው ደግሞ መልሶ ይጠልዛል። ግን ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ለቆመ ሰው ጥለዛውም ጣዕም አለው። ኳስ ግንባር ስትመታ ድምፁ ይሰማሃል። የእንግዶቹ አምስት ቁጥር ፂማም፣ ደንዳና፣ ሠላሳ አምስት የሚጠጋ ሰውዬ ነው። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አፉ አልተዘጋም። «ውጣ! ያዘው! ከኋላህ! ተረጋጋ!» አጠገቡ ያለውን ወጣት ተከላካይ በአፉ ነው ያጫወተው። ቴሌቪዥን ላይ ይህን ሁሉ ኮሜንታተሩ ይሸፍንብሃል።

የገረመኝ ደግሞ ዕረፍት ላይ ነው። ከጎሉ ጀርባ የቆመው ደጋፊ ባንዲራውን ፈቶ ወደ ሌላኛው ጎል ተሰደደ። ቡድኑ የሚያጠቃበትን ጎል ተከትሎ መዞር ነው ልማዱ። የእንግዶቹም ደጋፊ በተቃራኒው ይዞራል። መሃል መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ አንዱ የሌላውን ቢራ እንዳይደፋ ገለል ይላል። መሃላቸው የቆመ ፖሊስ አላየሁም።

ከዕረፍት በኋላ እንግዶቹ በማዕዘን ምት አገቡ። የገጨው ያው ፂማሙ አምስት ቁጥር። ከዚያ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ባለሜዳዎቹ ተጫኑ፤ ሊያልቅ ሲል አቻ አደረጉ። ጎሏ አስቀያሚ ናት። ተከላካይ እግር ነክታ፣ በረኛው ላይ አቅጣጫ ቀይራ፣ እየተንከባለለች ገባች። 1 ለ 1።

ከጨዋታው በኋላ ተጫዋቾቹ ታጥበው እኛው ያለንበት ባር ገቡ። አምስት ቁጥሩ ቺፕሱን ይዞ አጠገቤ ቆመ። ሰኞ ጠዋት ሥራ እንዳለው ለአንዱ ሲነግረው ሰማሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በዚህ ደረጃ ያሉት አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው፤ በሳምንቱ ውስጥ ይሠራሉ፣ ሁለት ምሽት ይለማመዳሉ፣ ቅዳሜ ይጫወታሉ።

ልል የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ደጋፊ ስትሆን ኳሷንና ሰዓቱን ነው የምታየው። ቡድን ከሌለህ ግን ዓይንህ ነፃ ነው። እኔ ረጅም ደቂቃ የግራ ተመላላሹን ብቻ እያየሁ ቆይቻለሁ። ኳሷ እሱ ጋ አልደረሰችም፤ እሱ ግን ሲሮጥ፣ ሲመለስ፣ እጁን ሲያወጣ፣ ሲበሳጭ ነበር። አርሰናልን ስመለከት እንደዚህ አይቼ አላውቅም፣ ምክንያቱም ደሜ ይፈላል።

ጎል_በዘጠና፦
ሃሃ ወንድሜ ሥራ ፈተሃል። ሰባተኛ ሊግ ለማየት ብር ከፍሎ ብርድ መመታት? እኔ ሶፋዬ ላይ ተኝቼ ማንቸስተር ሲቲን አያለሁ።

ደቡብ_ለንደን፦
@ጎል_በዘጠና የት አገር ነው ያለኸው? እንግሊዝ ከሆንክ ቅዳሜ ከሰዓት ሲቲን ሶፋህ ላይ የምታየው በሕጋዊ መንገድ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ አንተም ታውቃለህ 😄

ጎል_በዘጠና፦
ሪያድ ነኝ። እዚህ ሁሉም ይታያል።

ደቡብ_ለንደን፦
በል አንተ ነፃ ነህ። ለማያውቁት ልንገር፤ እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8፡45 እስከ 11፡15 የእግር ኳስ ጨዋታ በቀጥታ በቴሌቪዥን አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነው። ሐሳቡን የገፋው የበርንሊ ሊቀመንበር የነበረው ቦብ ሎርድ ነበር። ፍርሃቱ ግልጽ ነው፤ ትልቆቹ በቴሌቪዥን ከታዩ ሰው የሰፈሩን ቡድን ትቶ ቤቱ ይቀራል። እኔም ሻምፒዮን ሂል የሄድኩት አንዱ ምክንያት እሱ ነው፤ በ9 ሰዓት ቤት ውስጥ የሚታይ ኳስ የለም።

ካዛንቺስ_ነዋሪ፦
ቆይ ቆይ። እንግሊዞች በ9 ሰዓት አርሰናልን ማየት አይችሉም፣ እኛ ካዛንቺስ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብለን በ12 ሰዓት እናያለን ማለት ነው? ሻይ ይዘን? ሃሃሃ ይህን ለሰፈር ልጆች ልንገራቸው።

ደቡብ_ለንደን፦
በትክክል። በክረምታቸው 12 ሰዓት፣ ሰዓታቸውን በጋ ላይ ሲቀይሩ ደግሞ 11 ሰዓት። ለንደን ውስጥ አርሰናል ሜዳ አጠገብ የሚኖረው ሰውዬ ሬዲዮ ከፍቶ ያዳምጣል፣ አንተ ከነድጋሚው ታያለህ።

ሚስማር_ተራ፦
ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል ግን አንድ ነገር ልጨምር። እነሱ ሕግ አውጥተው ትንሹን ክለብ ከቴሌቪዥን ጠበቁት። እኛ ጋ ማን ጠበቀው? አዲስ አበባ ስታዲየም የኛ ነበር። ካታንጋ የገባ፣ ሚስማር ተራ የተቀመጠ፣ ከማን አንሼ የጮኸ ያውቀዋል። ጥላ ፎቅ ያለው ባለሥልጣን ሳይቀር አንገቱን ቀና አድርጎ ካታንጋ ምን እንደሚል ያዳምጥ ነበር። የክረምቱ ዝናብም የበጋው ፀሐይም እኩል ይመታናል። ዛሬ ልጆቼ የቼልሲን ተቀያሪ በረኛ ስም ያውቃሉ፤ ከቤታችን በሁለት ታክሲ የሚጫወተውን ቡድን አያውቁም።

ካዛንቺስ_ነዋሪ፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም። የኛው ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ጨዋታው በተመረጡ ከተሞች ተሰበሰበ። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ ሲዞር ቆይቷል። ቡድንህ በሜዳህ ካልተጫወተ እንዴት ትከተለዋለህ?

ሚስማር_ተራ፦
እሱስ እውነት ነው። ሜዳው ደረጃውን አላሟላም ተብሎ ለዕድሳት ተዘጋ፣ ጨዋታው ተሰደደ። ደጋፊ ግን ሻንጣ አይደለም፣ ከቡድኑ ጋር አይጫንም።

ማርታ_ፔክሃም፦
እኔ ለደልዊች ቅርብ ነኝ፤ በሩ ላይ በአውቶቡስ ስመላለስ ገብቼ አላውቅም። ጥያቄ አለኝ፣ ቀልድ አይደለም። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ስድቡ እንዴት ነው? ሽንት ቤቱስ? የሚበላስ አለ? ደግሞ ብቻዋን ልጅ ይዛ የመጣች ሐበሻ ሴት ሁሉም ዞሮ የሚያያት ዓይነት ቦታ ነው?

ደቡብ_ለንደን፦
እህቴ፣ በየተራ ልመልስ። ስድብ አለ፣ አልዋሽሽም፤ ግን አብዛኛው ዳኛው ላይ የሚወርድ ቀልድ ነው። «ዳኛው ሌባ» የምንለው እዚህም በእንግሊዝኛ አለ። ልጆች የያዘ ሰው ከጎሉ ጀርባ ከመቆም ይልቅ ጎን ላይ ቢሆን ይሻለዋል፤ ዋናው ትሪቡን ላይ ወንበር አለ። በርገርና ቺፕስ ይሸጣል። ሽንት ቤቱ ያው የኳስ ሜዳ ሽንት ቤት ነው፤ ዕረፍት ሳይደርስ ሂዱ። ዞሮ የሚያይሽ የለም፤ ሰዉ የተደባለቀ ነው፣ ሴቱም ልጁም ብዙ ነው። የሴቶች ቡድንም አላቸው፤ ሴት ልጅ ካለሽ ከዚያ ብትጀምሪ ደስ ይላታል።

ማርታ_ፔክሃም፦
ሁለቱም ሴቶች ናቸው 😊 አመሰግናለሁ። ከዚያ በኋላ ካምበርዌል ወርጄ የኛን ምግብ እንበላለን።

ጥያቄ_አለኝ፦
ይሄ ደልዊች ማነው ግን? ሁለት ሺህ ሰው ሰባተኛ ሊግ ላይ? ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው የኛ ከፍተኛ ሊግ አንዳንድ ጨዋታ ላይ የተቀያሪ ወንበሩ ከተመልካቹ ይበልጣል።

ደቡብ_ለንደን፦
ከጨዋታው በኋላ ቤት ገብቼ ሳነብ አመሸሁ። ክለቡ የተመሠረተው በ1893 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በአማተር ዘመን ኃያል ነበሩ፤ የእንግሊዝን አማተር ዋንጫ አራት ጊዜ ወስደዋል። ኤድጋር ኬይል የሚባል አጥቂያቸው ክፍያ ሳይቀበል እየተጫወተ በ1929 ለእንግሊዝ ዋናው ብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል። ከሜዳው አጠገብ ያለው መንገድ በስሙ ይጠራል፣ ደጋፊውም ዛሬ ድረስ ይዘፍንለታል። በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ ደቡብ ኮሪያ ሜክሲኮን 5 ለ 3 ያሸነፈችው በዚሁ ቦታ በነበረው አሮጌው ስታዲየም ነው። ያ ረጅሙ ፒተር ክራውችም ልጅ እያለ በ2000 በውሰት ተጫውቶላቸዋል።

ከሁሉም የገረመኝ ግን እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ነው። መሬቱን የያዘው ገንቢ ድርጅት ቤት ሊሠራበት ፈልጎ ከአካባቢው አስተዳደር ጋር ተጣላ። ክለቡ ከሜዳው ተባረረ። ስማቸው ሳይቀር በንግድ ምልክትነት ተመዘገበባቸው! ቡድኑ ቱቲንግና ሚቻም የሚባል ክለብ ሜዳ ላይ በእንግድነት ተጫወተ። በዚያው በተባረሩበት የውድድር ዘመን ደግሞ ወደ ስድስተኛው ሊግ አደጉ። ታኅሣሥ ላይ ወደ ሜዳቸው ተመለሱ። በ2023 መልሰው ወረዱ። ደጋፊው ግን አልሄደም።

ጥያቄ_አለኝ፦
ስማቸውን?? የቤት ኪራይ ሳይከፈለው የቀረ አከራይ ዕቃ ያግታል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ስም ሲያግት ግን ገና አሁን።

ሃምቡርግ_ነኝ፦
ደልዊች የሚለውን ስም ሳይ ዘለልኩ። እዚህ አልቶና 93 የሚባል ቡድን አለ፣ እሱም በ1893 የተመሠረተ። የሁለቱ ደጋፊዎች ወዳጆች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሜዳ ይጎበኛል። የአልቶና ሜዳ ዕድሜው ከመቶ ዓመት አልፏል፣ ሣር የበቀለበት መቆሚያ ሁሉ አለው። የጀርመን ሥራ ባልደረባዬ ነው ይዞኝ የሄደው። እዚያ ሄዶ ስለ ባየርን ማውራት ነውር ነው 😂

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እናንተ የአውሮፓ ልጆች ትንሽ ሊግ አገኘን ብላችሁ ትደነቃላችሁ። እኛ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን አለን። በየዓመቱ ጁላይ ላይ በተለያየ ከተማ ውድድር አለ። ገለልተኛ ተመልካች ማየት ከፈለጋችሁ እዚያ ኑ። ዘጠና በመቶው ሕዝብ ሜዳውን ጀርባ ሰጥቶ ነው የሚውለው። ጥብስ ይበላል፣ የድሮ ክላስሜት ይፈልጋል፣ ጎል ሲገባ «ማን አገባ?» ይላል። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስ አንድ ጨዋታ እስከ መጨረሻው አላየም።

ማርታ_ፔክሃም፦
@ሲልቨር_ስፕሪንግ ሃሃሃ አጎትህ ነው ትክክለኛው ገለልተኛ።

ፋሲል_አፍቃሪ፦
እኔ በዚህ «ገለልተኛ» በሚለው ነገር አልስማማም። ገለልተኛ ደጋፊ የሚባል ፍጡር የለም። ሜዳ ገብተህ አሥር ደቂቃ ከቆየህ ልብህ አንዱ ጋ ይሄዳል። ማልያው ያማረው፣ ዳኛው የበደለው፣ ወይ ደካማው። ደቡብ_ለንደን፣ እውነቱን ተናገር፤ አቻዋ ጎል ስትገባ እጅህ የት ነበር?

ደቡብ_ለንደን፦
ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ብርድ ነዋ። እውነቱን ከፈለግህ እንዲያውም ቅር ብሎኛል። ልቤ የሄደው ፂማሙ አምስት ቁጥር ጋ ነበር። በዚያ ዕድሜው ከኬንት መጥቶ፣ ጎል አግብቶ፣ ሲጮህ ውሎ፣ በዚያች ቀሽም ጎል ሦስት ነጥቡን ሲነጠቅ አሳዘነኝ። ግን ለሰውዬው ነው ያዘንኩት፤ የቡድኑን ስም ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው በደንብ ያወቅኩት።

ፋሲል_አፍቃሪ፦
ይኸው! ገለልተኛ አይደለህም።

ደቡብ_ለንደን፦
አንድ ሰው መውደድና አንድ ቡድን መደገፍ ይለያያል። ቡድኔ ቢሸነፍ እሑዴ ይበላሻል። ለአምስት ቁጥሩ አዘንኩ፣ ቺፕስ ሲበላ አየሁት፣ ቤቴ ገብቼ እንቅልፌን ለጠጥኩ።

ጎል_በዘጠና፦
እሺ ይሁን፣ ድባቡ ደስ ይላል እንበል። ኳሱ ግን ቀሽም መሆኑን አንተው ነገርከን። ጥለዛ ነው አልክ። ለጥለዛ ይከፈላል?

ጥያቄ_አለኝ፦
@ጎል_በዘጠና ጄሚ ቫርዲ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ ስቶክስብሪጅ የሚባል እንዲህ ያለ ትንሽ ክለብ ውስጥ ነበር። በ2016 ከሌስተር ጋር ፕሪሚየር ሊግ አነሳ። ያን ጊዜ ጥለዛ ነው ብሎ የቀረ ሰው ዛሬ ይቆጨዋል።

ካዛንቺስ_ነዋሪ፦
ቫርዲ ድረስ ምን አስኬደህ? የንግድ ባንክን ቡድን ተመልከት። በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ከሻሸመኔና ከሀምበሪቾ ዱራሜ ጋር አደገ። በ2016 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን! በአንድ ዓመት! ከፍተኛ ሊግ ላይ ሲጫወት ያየ ሰው ቀጣዩን ሻምፒዮን ባዶ ስታዲየም ውስጥ እያየ ነበር ማለት ነው። እኔ ግን ያን ዓመት ዲኤስቲቪ ቤት የቼልሲን ሽንፈት ስቆጥር ከረምኩ።

ሚስማር_ተራ፦
ንግድ ባንክስ ገንዘብ ያለው ክለብ ነው፣ ለሻሸመኔ ነው የኔ አድናቆት። ግን ያልከው ትክክል ነው። እኔ ከፍተኛ ሊግና የአዲስ አበባ ከተማ ጨዋታዎችን አበበ ቢቂላ ስታዲየም ሄጄ አይቻለሁ። ደስ የሚለው ነገር አሠልጣኙ የሚናገረው በሙሉ ይሰማል። አንዱ አሠልጣኝ ተጫዋቹን «አንተ! ትናንት ማታ የት አመሸህ?» ብሎት ተመልካቹ በሙሉ ፈነዳ። ልጁም አልመለሰም። ሱፍና ኦቾሎኒ የሚሸጠው ልጅ ራሱ ቆሞ ነበር የሚያየው።

ጎል_በዘጠና፦
ሃሃሃ ጋሼ ይህችስ ትከፈልባታለች።

ፋሲል_አፍቃሪ፦
ጋሼ፣ ልጁ ከዚያ በኋላ እንዴት ተጫወተ?

ሚስማር_ተራ፦
ተቀየረ።

ካዛንቺስ_ነዋሪ፦
😂😂😂 ከፍተኛ ሊጉ በምድብ ተከፍሎ አንድ ከተማ ላይ ሲሰበሰብም ጥሩ ጎን አለው እኮ። እዚያ ከተማ የምትኖር ገለልተኛ ከሆንክ ቀኑን ሙሉ ተራ በተራ ታያለህ። የጎደለው መረጃ ነው። የት፣ መቼ፣ ማን ከማን እንደሚጫወት ፌስቡክ ላይ ካልቆፈርክ አታገኘውም። ደልዊች ለምን ሁለት ሺህ ሰው ያገኛል? መርሐ ግብሩ ወራት ቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ሰዓቱም አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ 9 ሰዓት ስለሆነ። ሰውዬው ሚስቱን «ቅዳሜ የለሁም» ሊላት ይችላል።

ማርታ_ፔክሃም፦
ወይም ሚስቱ «ቅዳሜ እኔ ነኝ የለሁም» ልትለው ትችላለች።

ካዛንቺስ_ነዋሪ፦
ተቀብያለሁ እህቴ።

ደቡብ_ለንደን፦
ካዛንቺስ ያለው ላይ ልጨምር። እዚህም ዝም ብሎ አልመጣም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ትልልቆቹ ሊጎች ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታ በሚያርፉበት አንድ ቅዳሜ ሰው ወደ ሰፈሩ ክለብ እንዲሄድ የሚቀሰቅሱበት ቀን አላቸው። የጀመረው ኪውፒአር የሚባለው የለንደን ክለብ አንድ ደጋፊ ነው፣ መንግሥት አይደለም፣ ፌዴሬሽንም አይደለም። አዲስ አበባ ላይ እንደዚህ ቢደረግ ምን ያግዳል? ፕሪሚየር ሊጉ በዋልያዎቹ ጨዋታ ምክንያት ሲቋረጥ፣ የእንግሊዙም አብሮ ስለሚያርፍ ዲኤስቲቪ ቤቱ ባዶ ነው። ያን ሳምንት ሰፈር ላይ የሚጫወት ቡድን ካለ ሂዱ።

ካዛንቺስ_ነዋሪ፦
እኔ አለሁ። ጋሼ ሚስማር ተራ፣ ቀጣዩ ዕረፍት ላይ አብረን እንሂድ። ኦቾሎኒው በኔ።

ሚስማር_ተራ፦
ፀሐይ ስለማልችል ኮፍያም አምጣልኝ። መርሐ ግብሩን እኔ አጣርቼ እዚሁ እጽፋለሁ።

ማርታ_ፔክሃም፦
ደቡብ_ለንደን፣ መርሐ ግብሩን አየሁት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ በሜዳቸው ናቸው። ልጆቹ ስካርፉን ካልገዛሽልን እያሉ ነው፣ ሮዝ ስለሆነ። አንተ ትሄዳለህ?

ደቡብ_ለንደን፦
እሄዳለሁ። ሌላም ለንደን ያለ ሰው ካለ 8 ሰዓት ከሩብ ላይ ኢስት ደልዊች ጣቢያ በር ላይ እንገናኝ። የአርሰናል ማልያ ለብሶ የመጣ የሁላችንን ቡና ይከፍላል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
8 ከሩብ በፈረንጅ ቀጠሮ ነው በሐበሻ?

ደቡብ_ለንደን፦
በፈረንጅ፣ በሰዓቱ። በሐበሻ ከሆነ ለዕረፍት ነው የምትደርሱት።

ማርታ_ፔክሃም፦
ዕረፍት ላይ ከደረስን ቀጥታ ወደ ሌላኛው ጎል ነው የምንሄደው አይደል?